ስለ መሠረት ጉድጓዱና ስለ ውሃ መሳቢያው ፓምፕ የተሰጠ ቃል

ቃል ሰጪ፦ የሕንፃ ተቋራጭ፣ በሥራ ቦታ «እትዬ ብሎኬት» የምትባል
ዕድሜ፦ 48
አድራሻ፦ ከአናጢዎቹ ሱቆች ጀርባ ያለው ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ጉዳዩ፦ የግንባታ ቦታ አላስረክብም ብላለች፣ ባለንብረቱንም ገፍትራለች በሚል የቀረበ አቤቱታ

የምናገረው ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብብኝ እንደሚችል በመርማሪው ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

ከሳሼ ባለንብረቱ የታላቅ እህቴ ባል ነው። ምድር ቤት ያለው ፎቅ እንድሠራለት ተዋውለን ቁፋሮውን በተባለው ጊዜ ጨረስኩ። መሠረት ለመጣል ስንዘጋጅ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ከሥር የመኪና ማቆሚያ ይጨመርልኝ አለና፣ አዲሱ ንድፍ እስኪመጣ ሥራው እንዲቆም አዘዘ። ንድፉ ሳይመጣ ክረምቱ መጣ። ጉድጓዱም ውሃ መያዝ ጀመረ።

በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩበት ቤት አለ። አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊው ጠርተውኝ የስፌት ክፍላቸውን ግድግዳ አሳዩኝ። ከመስኮቱ ሥር እስከ ወለሉ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ ያጣበቁት እራፊ ጨርቅ መሃሉ ላይ ተተርትሯል። «ልጄ፣ እኔ ጨርቅ ነው የምሰፋው፤ ይሄን በምን ልስፋው?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ውሃው የቤቱን መሠረት ሸርሽሮ እንዳይጥለው የዚያኑ ዕለት ፓምፕና ጄኔሬተር አስመጥቼ ውሃውን ማስወጣት ጀመርኩ።

የፓምፑ፣ የጥበቃዎቹ፣ የተከራየሁት ማሽንና የቢሮው ወጪ ሥራ ኖረም አልኖረም የሚበላኝ የማስተዳደሪያ ወጪ ነው። መዘግየቱን ያመጣው ባለንብረቱ ስለሆነ ጊዜም ወጪም እንዲታሰብልኝ ጠየቅሁ። «ለቆመ ሥራ ደግሞ የምን ወጪ ነው?» አለኝ። «ጋሼ፣ የቆመው ሥራው ነው፤ ውሃው መቼ ቆመ?» አልኩት። ይባስ ብሎ ያዘገየሽው አንቺ ነሽ በማለት ውሉን አቋርጦ፣ ሌላ ተቋራጭ ሳያገኝ ቦታውን ለቅቄ እንድወጣ አዘዘኝ። ፓምፑን የሚረከበኝ ሰው ካለ አሁኑኑ እወጣለሁ ብዬ መልሻለሁ። እሱ ግን የጎረቤት ግድግዳ ውላችን ውስጥ የለም ነው ያለው።

ዛሬ ጠዋት ከቀን ሠራተኞች ጋር መጥቶ ጄኔሬተሩን በገዛ እጁ አጠፋና ቁልፉን ያዘ። ቁልፉን ከእጁ ነጥቄዋለሁ፤ ይህን አልክድም። ገፈተረችኝ ያለው ግን ሐሰት ነው። አልሰጥም ብሎ ወደ ኋላ ሲጎትት ጭቃው አንሸራትቶት ቁጭ አለ። ላነሳው እጄን ብዘረጋለት እምቢ ብሏል። ከዚያ ጄኔሬተሩን አስነስቼ፣ የግንባታውን ቦታ በር ዘግቼ፣ ፒካፔን በሩ ላይ አጋድሜ አቆምኩ። ሠራተኞቹም የቤተሰብ ጠብ ውስጥ አንገባም ብለው ጥላ ፈልገው ተቀመጡ።

ወዲያው እህቴ ደወለች። እያለቀሰች «ለእኔ ስትይ ተይው፣ ባሌን በሰው ፊት አታዋርጂብኝ» አለችኝ። «ሥራውን መጀመሪያውኑ የያዝኩት ላንቺ ስል ነው። አሁን ግን ሰው ተኝቶ የሚያድርበት ቤት ነው የያዝኩት» ብያት ስልኩን ዘጋሁ። በሩንም አልከፈትኩም። የከፈትኩት ፖሊስ ሲመጣ ነው።

ወደ ግንባታው ቦታ ዳግመኛ እንዳልደርስ የግዴታ ጽሑፍ እንድፈርም በመርማሪው ተጠይቄ፣ አልፈርምም ብያለሁ። ዛሬም ነገም ፓምፑ ከጠፋ አስነሳዋለሁ። ጣቢያው የሚያስረኝ ከሆነ ይሰረኝ፤ ነገር ግን ጄኔሬተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ከምሽት አያልፍም። ስለዚህ እኔ ታስሬ በምቆይበት ጊዜ ሄዶ ነዳጅ የሚሞላ የፖሊስ አባል እንዲመደብ፣ ይህም ጥያቄ በቃሌ ውስጥ እንዲጻፍ አመልክቻለሁ። መርማሪው ይህ የፖሊስ ሥራ አይደለም ብለውኛል። እሱንም ይጻፉት ብያለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። የተናገርኩት እውነት ነው፤ የሚቀነስም የሚጨመርም የለኝም ብዬ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ________
የመርማሪው ፊርማ ________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ግድግዳውን በአካል ሄጄ ተመልክቻለሁ። የግዴታው ጽሑፍ ሳይፈረም ቃል ሰጪዋ ወደ ሥራ ቦታዋ እንድትመለስ ተደርጓል። ባለንብረቱ ነገ ጠዋት ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ መጥሪያ ወጥቶበታል።