ነጩ የሶፋ ልብስ

ካርቱም፣ ማንሺያ ሠፈር የምሠራበት ቤት ልጅ የቦዲ ቢልዲንግ ሻምፒዮን ነበር። እናንተዬ፣ ፀሐይ በነጻ በምታጠቁርበት አገር ለመጥቆር ገንዘብ የሚከፍል ሰው ያየሁት እዚያ ነው! ጡንቻው መድረክ ላይ ጎልቶ እንዲታይ ከውድድር በፊት ቡናማ ቀለም ይቀባል። እህቱ ደግሞ የሚያነጣ ክሬም ትለቀለቃለች። የሁለቱንም ፎጣ የማጥበው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ቀለሙን በእጁ ደረቱ ላይ ሞከረና፣ ጀለቢያውን ደርቦ ሳሎን ተቀመጠ። ሶፋውን ተደግፎ ሲነሳ ሁለት መዳፍ ነጩ የሶፋ ልብስ ላይ ታትሞ ቀረ። እናቱ ሃጃ ስታይ ጮኸችብኝ። «በዚህ ቆሻሻ እጅሽ! ዛሬውኑ ከቤቴ ትወጫለሽ!» መዳፉ እኮ የእኔን እጥፍ ያክላል! ዞር ብዬ ሻምፒዮኑን ባየው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ያን ሁሉ ብረት የሚያነሳ ሰውዬ «እኔ ነኝ» ማለት ከበደው።

ብግን አልኩ፤ ግን ፈገግ ብዬ «ሻምፒዮን፣ ሃጃ ተናዳለች፤ እስቲ ዋንጫ ስትቀበል ለሕዝቡ እንዴት እንደቆምክ አሳያትና ደስ ይበላት» አልኩት። ሙገሳ ሲሰማ መች ይችላል! ደረቱን ነፍቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ላይ አነሳ። መዳፉ ሂና የሞቀች ሙሽራ መዳፍ መስሏል።

ሃጃ መዳፉን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ታዲያ ምን ተገትረሽ ታያለሽ? ያላ፣ የሶፋውን ልብስ ወስደሽ እጠቢው!» አለችኝ።

እሱ እጁን ገና አላወረደም።