ሩዝ ላይ የቀረ የፍሬን ምልክት

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አጠገባቸው ያለው ወጣት በስልክ ሲያወራ፣ አደጋ የሚመረምር ትራፊክ መሆኑን ሰሙ። ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቁት።

«የኔ ልጅ፣ በዓይናችሁ ያላያችሁትን እንዴት ታውቃላችሁ? ትጠነቁላላችሁ?»

«ኧረ እማማ! ፊዚክስ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የፍሬኑን ምልክት እንለካለን። መንገዱ ጎማውን ምን ያህል እንደሚይዝ ካወቅን ፍጥነቱን እናሰላዋለን።»

«የሞተብኝን ልጅ ሞተርም እንዲያ ለክተው፣ ምልክቱ ረጅም ነው፣ ሲበር ነበር አሉኝ።»

«ነፍስ ይማር እማማ። የት ነው የወደቀው?»

«ቁሐር፣ እደጃችን። አስፋልቱ ላይ ሩዝ አስጥተን ነበር።»

«ሩዝማ ያንሸራትታል! በባዶ አስፋልት ሂሳብ ሠርተውት ከሆነ ተሳስተዋል። ቀስ ብሎ ቢነዳም ምልክቱ ይረዝማል። ማመልከት ይችላሉ እኮ።»

«እሱን ተወው። እንዳልበረረ በሆዴ አውቀዋለሁ። ፍሬን ከያዘ እስኪወድቅ ምን ያህል ይቆያል?»

«አንድ ትንፋሽ ቢሆን ነው።»

«ዳር ቆሜ ሩዙን አገላብጥ ነበር፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። ሌላ ጊዜ ሲያየኝ ጥሩምባ ይነፋልኝ ነበር፤ ያን ለት አልሰማሁም። አይቶኝ ይሆን?»

«እማማ፣ ሂሳቡ ወዴት እንዳየ አይነግረንም።»

«አንድ ትንፋሽ ግን ለማየት ይበቃል፣ አይደል?»

«ይበቃል፣ እማማ።»

የምወርድበት ቦታ ሲያልፍ «ወራጅ አለ» አላልኩም።