ጭራቁ እስኪጮህ

(በአንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ከወላጆች ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፤ ነርሷ ሲስተር አጁሉ የርእሰ መምህሩን ቢሮ ከውስጥ ቆልፋ፣ ትናንት በቲያትር ልምምድ ላይ ስለተደበደበችው የሦስተኛ ክፍል ልጇ ከአቶ ፍሬሰንበት ጋር ተፋጥጣለች።)

ፍሬሰንበት፦ ሲስተር፣ መጀመሪያ ቁልፉን ይመልሱልኝ፤ ከዚያ ይቺን ይፈርሙ። አንድ መስመር ናት፤ «ልጄ በልምምድ ላይ በራሷ ስህተት ተጎዳች።»

አጁሉ፦ ስህተቷ ምንድን ነው?

ፍሬሰንበት፦ አልጮኸችማ! ቲያትሩ የተወሰደበት መጽሐፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ገጽ ዐሥራ ሁለት፤ «ልጆቹ ጥቁሩን ጭራቅ እስኪጮህ ደበደቡት።» ጭራቁ ይጮኻል፣ ልጆቹ ያቆማሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ዝም! ልጆቹ ምን ያድርጉ? የተጻፈውን ተከተሉ።

አጁሉ፦ መምህሯስ?

ፍሬሰንበት፦ ምርጥ ትወና መስሏት በስልኳ ስትቀርጽ ነበር።

አጁሉ፦ የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ፤ ቅንድቧን ሰባት ቦታ የሰፋሁት በገዛ እጄ ነው። ፊቷ በደም ተሸፍኖ ሲያመጧት በጫማዋ ነው የለየኋት።

ፍሬሰንበት፦ እግዜር ይማራት። ግን ተንኮል የለበትም። እንዲያውም የአካታችነት ሥልጠና ወስጄ ስመለስ «የጋምቤላዋን ልጅ እናካትት» ብዬ ስንቱን ተሟገትኩ! ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሰጠናት!

አጁሉ፦ ጭራቅነቱን።

ፍሬሰንበት፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረክ ላይ የምትታየው እሷ ብቻ ናት። ደግሞ አምና ጭራቅ የሆነው ልጅ ከሰል ስንቀባው ፊቱ ሽፍ አለ፤ ወላጆቹ ቢሮዬን ሊያፈርሱት ነበር። እሷ ግን…

አጁሉ፦ እሷ ግን ምን?

ፍሬሰንበት፦ …መቀባት አላስፈለጋትም።

አጁሉ፦ ከሰል ቆጠባችሁ።

ፍሬሰንበት፦ ነገር አያጣምሙብኝ እንጂ!

አጁሉ፦ ከመስከረም ጀምሮ አሪየት የሚላት የለም። ስም ጠሪው ሳይቀር «ጭራቋ» ነው የሚላት። ትናንት ስትነቃ ለምን አልጮህሽም አልኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? «እማ፣ ከጮህኩ እኮ ያጨበጭባሉ።»

ፍሬሰንበት፦ እሺ፣ እንስማማ። ጭራቁን አረንጓዴ አደርገዋለሁ።

አጁሉ፦ ከዚያስ?

ፍሬሰንበት፦ ከዚያማ ማን ይከፋዋል? አረንጓዴ ተማሪ የለንም።

አጁሉ፦ መጽሐፉ ከየክፍሉ ዛሬውኑ ይሰብሰብ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ፍሬሰንበት፦ አይሆንም! ደራሲው እኔ ነኝ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲነበብ ማንም አልሞተበትም። ቅዳሜ ቲያትሩን ለማየት ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ።

አጁሉ፦ እንግዲያው ይነሡ።

ፍሬሰንበት፦ ወዴት?

አጁሉ፦ የትም። እዚሁ፣ ጠረጴዛው ፊት። ጭራቁን እርስዎ ይሁኑ፤ ልጆቹን እኔ እሆናለሁ። ያቺን የሰሌዳ ማስመሪያ ያቀብሉኝ… ይተዉት፣ ያዝኳት።

ፍሬሰንበት፦ ሲስተር፣ እርስዎ እኮ የተማሩ ሰው ነዎት!

አጁሉ፦ ገጽ ዐሥራ ሁለት። አንድ!

ፍሬሰንበት፦ ኧረ ክንዴን!

አጁሉ፦ ይሄ ወሬ ነው፣ ጩኸት አይደለም። ሁለት!

ፍሬሰንበት፦ አንቺ ሴትዮ! አብደሻል እንዴ?

አጁሉ፦ «አንቺ» ሆንኩ? ጥሩ። እኔም ጭራቅን አንቱ አልልም። እጅህን አውርድ! ሦስት!

ፍሬሰንበት፦ ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!

አጁሉ፦ ይኸው፣ ጮህክ፣ አቆምኩ። መጽሐፍህ ለአንተ ይሠራል። ልጄ ስንት ጊዜ እንደተመታች ታውቃለህ? አንዲት ጓደኛዋ ስትቆጥር ነበር። ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

ፍሬሰንበት፦ ጣቴ… ጣቴ እየደማ ነው። መምህራኑ መጡ! በሩን እየደበደቡት ነው!

አጁሉ፦ ይሰማኛል። ለአንድ ኡኡታ ግቢው ሁሉ ነቅሎ መጣ። በል፣ ንገራቸው። ማን እንደመታህ፣ ከየት አንብባ እንደመታችህ ንገራቸውና መጽሐፉን ሰብስቡ በላቸው። ያኔ በሩን እከፍታለሁ፤ ፖሊስ ጣቢያም በእግሬ እሄድልሃለሁ።

ፍሬሰንበት፦ በገዛ መጽሐፌ ተደበደብኩ ልበል? ለመምህሮቼ?

አጁሉ፦ ምረጥ። በሩ ሊሰበር ነው።

ፍሬሰንበት፦ …ምንም አይደለም! ተመለሱ! ለቅዳሜ ልምምድ ላይ ነን!

አጁሉ፦ ልምምድ ከሆነማ፣ ከአንድ እንጀምር።