የጤና ኬላው ቦታ

ቄስ ገብረ ኪዳን ዳባት ገበያ ውለው ወደ ደባርቅ የሚመለስ ሚኒባስ ሲጠብቁ፣ በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት ሠርካለም ድንገት ከፊታቸው ቆመች። ስታትስቲክስ ተምራ አሁን የወረዳው የመረጃ ባለሙያ ሆናለች። መስቀላቸውን ተሳልማ አብራቸው ተሳፈረች። ቄሱ ስላገኟት ደስ ቢላቸውም በሆዳቸው የያዙት ቅሬታ ነበርና መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሚኝ ልጄ፤ የቀበሌያችን ጤና ኬላ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ይሁን ብለን ሽማግሌዎቹ ጨርሰን ነበር። አንቺ ግን በኮምፒውተር አስልተሽ ጭላ ሜዳ ይሁን ብለሻል አሉ።»

«እውነት ነው አባ።»

«ኮምፒውተሩ ያን ዳገት መቼ ወጣውና ነው?»

«እሱማ አልወጣውም፤ የወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ሠርካለም በትሕትና። «ከስድስቱ ጎጦች ለኬላው ወደታሰቡት አምስት ቦታዎች በእግሬ ሄጄ ደቂቃውን ለካሁ። በየጎጡ ያሉትን ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናትም መዘገብኩ። ኮምፒውተሩ የሠራው፣ የሁሉም ጉዞ ሲደመር የሚያንስበትን ቦታ መፈለግ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ቢሆን አንድ ሰው በአማካይ ሰባ ደቂቃ ይሄዳል፤ ጭላ ሜዳ ቢሆን አርባ አምስት።»

 ቄሱ ሃያ አምስት ደቂቃ ምጥ ለያዛት ሴት ምን ማለት እንደሆነ አላጡትም።

«ቆላ በር ጎጥ ያሉትስ?» አሉ።

«እነሱ ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ግን አሥራ አንድ ቤት ብቻ ናቸው።»

«አየሽ! ጥቂት ስለሆኑ በድምሩ ውስጥ ጠፉ» አሉ ቄሱ። «ባለፈው ነሐሴ የቆላ በሯን እናናዬን በቃሬዛ ይዘን ወደ ሐኪም ቤት ስንወጣ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለን። እዚያው ዳር ላይ ወለደች። ሕፃኑን ያጠመቅሁት እኔ ነኝ፤ እስኪነጋ አልቆየም።»

ሠርካለም ፊቷ ተለወጠ። «እኔ የለካሁት በታኅሣሥ ነው አባ። ወንዙን በድንጋይ ላይ ተረማምጄ ነው የተሻገርኩት። ተሳስቻለሁ።»

ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። «የክረምቱን መንገድ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ወቅን እስኪደርሱ ድረስ ቄሱ የትኛው መሻገሪያ እንደሚዘጋ፣ በድልድዩ ሲዞሩ ስንት እንደሚፈጅ አንድ በአንድ ነገሯት። እሷም ማንም ሰው፣ በክረምትም ቢሆን፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ እንዳይሄድ የሚል ግዴታ በስሌቱ ላይ ጨመረች።

«ጭላ ሜዳም ወደቀ፤ የእርስዎም ቦታ ወደቀ» አለች። «የወጣው ከአምስቱ አንዱ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው ጉብታ ነው። አማካዩ ወደ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ከፍ ይላል፤ ከቆላ በር ግን ሰማንያ ደቂቃ ይበቃል።»

ቄሱ ቁጥሮቹን ደግማ እንድትነግራቸው ጠየቋት። ከዚያ «በይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ፤ ሽማግሌዎቹን አብረን እናስረዳለን» አሉ።

እሑድ ዕለት አንድ ሽማግሌ፣ «አባ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ለማሽን ጠበቃ የቆሙት?» ብለው ሲያሽሟጥጡ፣ ቄሱ «ማሽኑ ውስጥ ያለው የእኛው መንገድና የእኛው ልጆች ቁጥር ነው። እኛ የመረጥነው ለእኛ የሚቀርበውን ነበር፤ ይህ ግን የሩቁንም ሰው ቆጥሮታል» ብለው መለሱ።

ኬላው ጉብታው ላይ ተሠራ። በመጀመሪያው ክረምት ከቆላ በር አራት እናቶች መጥተው በሰላም ወለዱ፤ ክትባት ያልጨረሰ ሕፃንም በጎጡ አልተገኘም። ቀበሌውም የውሃ ቦኖ ሲያሠራ አስቀድሞ መንገዱን በበጋም በክረምትም አስለካ።

ቄስ ገብረ ኪዳን ደግሞ በየወሩ የደም ግፊታቸውን ለመለካት ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ ሰዓት ይጓዛሉ። መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው፣ «ይህችን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔው ነኝ!» እያሉ እየሣቁ ያጉረመርማሉ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ይነሣሉ።