ሄኖክና ሹካው

የወንድሜ ልጅ ሄኖክ የእጮኛውን አባት ምሳ ሊጋብዝ፣ ሐረር አቦከር ሰፈር አንዲት የፊሊፒንስ ሴት የከፈተችው ምግብ ቤት ይዞን ሄደ። ሴትዮዋ አረብ አገር ሳለች የሐረር ልጅ አግብታ የመጣች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ሄኖክዬ በር ላይ ጎተት አደረገኝና፣ “አክስቴ፣ እዚህ በእጅ አይበላም። ጋሽ ታደሰ ልጃቸውን ለመስጠት ገና እያመነቱ ነው፤ አደራ እንዳታዋርጂኝ” አለኝ። እኔም እጄን ጭኔ ላይ ሰብስቤ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ አልኩ።

ሴትዮዋ መጣች፣ የሙዝ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችና ሩዙን፣ በኮምጣጤና በጠጅ ሳር የተጠበሰውን ዶሮ ዘረገፈችበት። “የእኛ ደሴት ምግብ ነው፤ ታጠቡና ብሉ” አለች። ሄኖክ “ሹካስ?” ቢላት፣ “ሹካ ለባዳ ነው፤ እናንተ ቤተሰብ አይደላችሁ?” ብላው እርፍ። ጌታው ግን አልተሸነፈም፤ ከጎረቤት ካፌ ሊለምን ወጣ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ለጋሽ ታደሰ እጄ የቻለውን ያህል ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። እሳቸውም አላምጠው ሲጨርሱ፣ “ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ከወሰዳችኋት ብቻዬን መብላቴ ነው ብዬ ነበር የፈራሁት” አሉኝ። “እኛ ቤት ብቻውን የሚበላ የለም” አልኳቸውና ደገምኳቸው።

ሄኖክ ሹካውን ከፍ አድርጎ ሲመለስ ቅጠሉ ላይ የቀረው አጥንት ነበር። ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን እየላሱ፣ “ልጄን ሰጥቼሃለሁ” አሉት፤ “ሹካውን ግን ለባለቤቱ መልስ።”