በወይን እርሻዎቹ መንገድ በሥርጉት ላይ ስለደረሰው ግጭት የተሰጠ ሁለተኛ ቃል

የምስክሯ ስም፦ የሻሽወርቅ ደረጄ
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የአረጋውያን ተንከባካቢ
አድራሻ፦ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 9፡20
ቃል ተቀባይ፦ ኮንስታብል ባስልኤል ዓለማየሁ
ማስታወሻ፦ ቃሉ የተሰጠውም የተጻፈውም በአማርኛ ነው። ሰዓቶቹ በሙሉ በካናዳ አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ነው። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 7 ቀን ከቀኑ 5፡30 ላይ ግጭቱ በደረሰበት መንገድ ዳር ለአካባቢው ፖሊስ የመጀመሪያ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃሌ ወይዘሮ ሥርጉትን የገጨውን ቫን ይነዱ የነበሩት አቶ ክብረት እንደሆኑ፣ እሷም ብስክሌቷን በድንገት ወደ ግራ ጠምዝዛ ቫኑ ፊት እንደገባች ተናግሬያለሁ። ሁለቱም ውሸት ነው። ይነዳ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ዘርይሁን ደረጄ ነው። ጠጥቶ ነበር። ሥርጉት ወደየትም አልጠመዘዘችም።

ጉዞው የቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ኅብረት ያዘጋጀው የሁለት ቀን የብስክሌት ሽርሽር ነበር። ስምንት ሰዎች ነበርን። ሰባታችን በብስክሌት እንሄዳለን፤ ዘርይሁን ሻንጣችንንና ውሃችንን በኪራይ ቫን ጭኖ ከኋላ ይከተለናል። መንገዱ በናያጋራ በኩል ወንዙን ተከትሎ በወይን እርሻዎች መሀል የሚሄድ ሲሆን በቀን ከሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም። የጉዞው መሪ አቶ ክብረት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ክብረት እንላቸዋለን። ሥርጉት 58 ዓመቷ ነው፤ እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ በልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ብስክሌት የተማረችው ከሦስት ዓመት በፊት በዶን ሸለቆ መንገድ ላይ ነው። ኮርቻዋን ይዤ ከኋላዋ እየሮጥኩ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን መንገድ ስትይዝ ከዳሩ መስመር አትወጣም፤ ሌሎቹ «የግድግዳ ጥላ» እያሉ ይቀልዱባታል። ይህን የማነሳው እሷን ጠምዝዛ ገባች ማለት ምን ያህል ዓይን ያወጣ ውሸት እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ዘርይሁን 44 ዓመቱ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ወደዚህ አገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለብዙ ዓመት መጠጥ ሲያሰቃየው ኖሯል። ከሦስት ዓመት በፊት ተወው። መተዉንም ጉባኤው ፊት ቆሞ ተናግሯል፤ ሁላችንም እልል ብለንለታል። ስለዚህ ከስምንታችን ውስጥ አላውቅም ነበር ሊል የሚችል ሰው የለም።

ቅዳሜ ከቀኑ 1፡30 አካባቢ በመንገዳችን ላይ ወዳለ አንድ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ገባን። የጉዞው ቲኬት ምሳና የአራት ዓይነት ወይን ቅምሻ ያካትት ነበር። እኛ መጠጥ አንጠጣም። ይህንኑ መናገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፤ በራሳቸው እጅ እየቀዱ፣ ስለ እያንዳንዱ ወይን እያስረዱ ሲዞሩ እምቢ ማለት ከበደን። ጋሼ ክብረት በአማርኛ «ሴትዮዋን አናሳፍራቸው፤ ተቀበሉና አስቀምጡት» አሉ። በጠረጴዛው ጫፍ ትራፊ የሚደፋበት ማሰሮ ነበረ። ከማሰሮው አጠገብ የተቀመጠው ዘርይሁን ነው። «ወዲህ በሉት፣ እኔ እደፋዋለሁ። ዛሬ የናንተ አሽከር እኔ ነኝ» ብሎ አሳቀን። ሴትዮዋ ዞር ባሉ ቁጥር ብርጭቆውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፍን ፊቱ ደረደርንለት። ሰባት ሰው፣ አራት ዙር። እኔ አራቱንም ዙር አሳልፌያለሁ። በሁለተኛው ዙር ላይ ማሰሮውን ሳይ ባዶ ሊባል የሚችል ነበር፤ የዘርይሁን ጆሮ ግን ቀልቷል። ሥርጉትም አይታ «የሻሽ፣ ወንድምሽን እዪው እንጂ» አለችኝ። «ተዪው፣ ሰው ፊት አታሳፍሪው» አልኳት። ስንወጣ የቫኑን ቁልፍ ስጠኝ ያለው ሰው የለም። እኔም አላልኩትም።

ከቀኑ 3፡40 ላይ ከመጥመቂያው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ነበር። ጋሼ ክብረትና አራቱ ሰዎች ከፊት ነበሩ። ከእነሱ ኋላ ሥርጉት፣ ከሥርጉት ሃያ ሜትር ያህል ወደኋላ ደግሞ እኔ ነበርኩ። መንገዱ ቀጥ ያለና ደረቅ ነበር። ቫኑ በፍጥነት መጥቶ ሲያልፈኝ መስታወቱ ግራ ክንዴን ገጨኝ። ክንዴ ላይ ያለውን ሰንበር ለቃል ተቀባዩ አሳይቻለሁ፤ አሁን ቢጫ ሆኗል። «ዘርይሁን!» ብዬ ጮህኩ። ቫኑ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ሥርጉትን ከኋላዋ መታት። ስትመታ ከነጩ መስመር ውጪ፣ ጠጠሩ ላይ ነበረች። ደርሼ ሳያት ሄልሜቷ ተሰንጥቋል፣ ቀኝ እግሯ ከሥሯ ታጥፏል፣ ዓይኗ ተገልጧል፤ ነገር ግን አትመልስልኝም። ዘርይሁን ወርዶ «እትዬ፣ አላየኋትም፤ ማርያምን አላየኋትም» አለ። ጌታን ከተቀበለ ጀምሮ በማርያም ሲምል ሰምቼው አላውቅም። አፉ ወይን ወይን ይሸት ነበር። አምቡላንስ ኮል ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ክብረት ተመልሰው ሲደርሱ ነገሩን በአንድ እይታ ተረዱት። የራሳቸውን ሄልሜት ከራሳቸው አውልቀው ዘርይሁን ራስ ላይ አደረጉ፤ ብስክሌታቸውን አስያዙት፤ ቁልፉን ከእጁ ተቀበሉ። «ስሙኝ፤ የምነዳው እኔ ነበርኩ። እኔ አልጠጣሁም፣ ቢመረምሩኝም ምንም አያገኙብኝም። እሱ ግን ላይሰንሱ ከሄደ አለቀለት። ጌታ ያነሣውን ሰው እኛ አንጥለውም» አሉ። «ሥርጉትስ?» አልኳቸው። «እሷን እኮ ማንም አይከሳትም፤ ሳታስበው ወደ መኪናው ገባች ብንል ማን ይጎዳል?» አሉኝ። አምቡላንሱ ሥርጉትን ከወሰዳት በኋላ ፖሊስ ደረሰ። ጋሼ ክብረት የአልኮል መመርመሪያው ውስጥ ተነፈሱ፤ ምንም አልተገኘባቸውም። ሰባታችንም በተራ አንድ ዓይነት ቃል ሰጠን። የእኔ አራተኛ ነበር።

ሥርጉት የቀኝ ጭኗ አጥንት ከዳሌዋ ሥር ተሰብሮ በማግሥቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከምሳው በኋላ የሆነውን አንዱንም አታስታውስም፤ የምታውቀው እኛ የነገርናትን ብቻ ነው። ሐኪሙ ያለ ምርኩዝ መሄዷን እርግጠኛ አይደለሁም ብሏል። ሥራዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ እርጥብ አንሶላ ማንሳት ነው። ሐሙስ ዕለት ቶሮንቶ ወዳለ ሆስፒታል ተዛወረች።

እሑድ ሴፕቴምበር 15 ቀን ከቀኑ 2 ሰዓት ላይ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ጋሼ ክብረትና ሌሎቹ ፍራፍሬ ይዘው ሊጠይቋት መጡ። ዘርይሁን አልመጣም። ሥርጉት ጋሼ ክብረትን ስታይ ከትራሷ ቀና ለማለት ሞከረች። «ጋሼ፣ መኪናዎ ፊት ገብቼ አስደነገጥኩዎት። በዚህ ዕድሜዎ ፖሊስ ፊት አቆምኩዎት። ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው። እዚሁ የተወለደችው ልጇ ሔርሞን «ማሚ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ሶሪ የምትዪው? እግርሽ እኮ ነው የተሰበረው» ብላ ተቆጣች። ሥርጉት «ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ፊት» አለቻት። ጋሼ ክብረት እጃቸውን ግንባሯ ላይ ጭነው «ይቅር ብያለሁ እህቴ» አሉ። ከዚያ ጸለዩ። ሁሉም አሜን አለ። እኔ አላልኩም።

ኮሪደሩ ላይ ተከትያቸው ወጥቼ «ምኗን ነው ይቅር ያሏት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ነገሩ ተዘግቷል፣ የሻሽ። ወንድምሽ እኮ ነው። እኔ ለእሱ ስሜን ሰጥቻለሁ፤ አንቺ ምን ሰጠሽ?» አሉኝ። «እርስዎ ስምዎን አልሰጡም፤ የሷን እግር ነው የሰጡት» አልኳቸው። ነርሷ መጥታ ዝም በሉ እስክትለን ድረስ እጮህ ነበር። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። አልተጸጸትኩም።

በዚያው ቀን ከቀኑ 4 ሰዓት ላይ ለዘርይሁን ስልክ ደወልኩ። ራሱ ሄዶ እንዲናገር ነገርኩት። «እትዬ፣ ላይሰንሴን ከወሰዱት በምን እኖራለሁ?» አለኝ። «እሷ በምኗ ቆማ ትኑር?» አልኩት። «ብርጭቆውን እኮ አፍንጫዬ ሥር የደረደራችሁት እናንተ ናችሁ» አለ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንዲሄድ ጊዜ ሰጠሁት። ዛሬ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ላይ ስደውልለት ስልኩ ተዘግቷል። በአውቶቡስ ወደዚህ መጣሁ።

ቃል ተቀባዩ ስለ ብርጭቆዎቹ የተናገርኩት ግጭቱን በቀጥታ ስለማይመለከት ከቃሌ እንዲቀር እፈልግ እንደሆነ ጠይቀውኛል። እንዲቀር አልፈልግም። ሥርጉትን ዝም ያሰኘኋትም አብሮ ይጻፍ።

የመጀመሪያው ቃሌ እንዲሰረዝልኝና በውሸት ቃሌ የሚመጣብኝን እንደምቀበል እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ከሰማሁትና ካየሁት አልጨመርኩም። ይህን እንድናገር ያስገደደኝ ሰው የለም። የተገደድኩት በመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ያኔም እምቢ ማለት እችል ነበር።

የምስክሯ ፊርማ፦ የሻሽወርቅ ደረጄ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ኮንስታብል ባስልኤል ዓለማየሁ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 11፡05

ተጨማሪ፦ ምስክሯ ከፈረመች በኋላ የዚህ ቃል አንድ ቅጂ እንዲሰጣት ጠይቃለች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ሆስፒታል ሄጄ ለሥርጉት ላነብላት ነው» ብላለች።