አስትሮይዱ የማን ነው?

«እትዬ፣ ዛሬ ሻዩን ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ የጣፈጠው?» አለች ባልደረቦቿ ንስሯ የሚሏት የጠፈር ተመራማሪ፣ የምልከታ ማዕከሉ ሻይ ቤት ባንኮኒ ላይ ክርኗን አስደግፋ። ሻይ የሚያፈሉት ሴትዮ ፈገግ አሉ። የክፍል ኃላፊዋ ከጀርባዋ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ዳቦውን ይቆርሳል። ንስሯም የገባችው መቀመጡን አይታ ነው።

ከሳምንታት በፊት ቴሌስኮፑ ያነሳቸውን ምስሎች ስታስተያይ፣ ከቦታዋ ፈቀቅ ያለች ነጥብ አየች። ለኃላፊው አሳየችውና፣ ምንነቷ እስኪለይ መንገዷን እንከታተል፣ ለማንም አይነገር ብላ ለመነችው። እሱም እሺ ብሎ ወጣ፤ በማግስቱ «ያገኘሁት አስትሮይድ» እያለ በሬዲዮ ሲያወራ ተሰማ። የእሷ ስም አልተነሳም። ንስሯ ግን አፏን ዘግታ ነጥቧን መከታተሏን ቀጠለች። በመጨረሻ አስትሮይድ የተባለው ነገር በጠፈር የሚዞር ዐለት ሳይሆን፣ ድሮ የተተኮሰ ሮኬት ጥሎት የሄደ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ጠዋት ታዲያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ መጀመሪያ ያየችውም እሱን ያሳሳተችውም ንስሯ ናት አለ። የማዕከሉ ዳይሬክተርም ንስሯ ማብራሪያ እንድትሰጥ አዘዟት። እሳቸውም አሁን ሻይ ሊወስዱ ወረፋ ላይ ቆመዋል።

«እኔማ እትዬ፣ ደግ ሰው ምን እንደሚመስል እዚህ መሥሪያ ቤት መጥቼ አየሁ» ስትል ቀጠለች። «አንዱን አውቃለሁ… ማንነቱ ምን ያደርግልዎታል? ዓይኑ እንዴት ሩቅ ያያል መሰለዎት! እኛ ያ ሁሉ መነጽር ተተክሎልን እንዳክራለን፤ እሱ የሰው ትከሻ ካገኘ ይበቃዋል… ከኋላ ብቅ ብሎ አዲስ ነገር ያገኛል። ደግነቱስ? ነገሩ የሰማይ ጌጥ የመሰለ ዕለት፣ እንዳይከብደኝ ብሎ ብቻውን ተሸከመው። ቁራጭ ብረት መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ… ለእኔ ትንሽ ይትረፈኝ እንኳ አላለም፣ እንዳለ ሰጠኝ! እንዲህ ያለ ለጋስ የት ይገኛል?»

ሴትዮዋ ሳቃቸውን በብርጭቆ መወልወያው ሸፈኑ። ዳይሬክተሯ ዞር ብለው ኃላፊውን ትክ ብለው አዩት። ማብራሪያውን መስጠት ያለበት ማን እንደሆነ የገባቸው ይመስላል።

«ጥንቃቄውንስ ብነግርዎ… ለሬዲዮ ሲናገር እንኳ ስሜን አልጠራም። በየሰዉ ጆሮ እንዳይረክስብኝ ሳስቶልኝ እኮ ነው! ታዲያ እኔስ ዛሬ የእሱን ስም ስጠራ ሰሙኝ? ውለታ አለብኛ…»

ኃላፊው ዳቦውን በግማሽ ትቶ ተነሣ። ንስሯ ገለል ብላ መንገድ ለቀቀችለት። በሩ ጋ እስኪደርስ ጠበቀችና፣ ፊቷን ወደ ሴትዮዋ እንዳዞረች፣ ልጇን እንደምትሸኝ እናት በለሰለሰ ድምፅ መረቀችው፦

«ፈጣሪ ስሙን በሬዲዮ ከወጣበት ከፍታ አያውርድበት፣ እትዬ… የወደቀ ዕለትም፣ የሚያነሳው አይጣ።»